ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወደ ደሴ፦ የአሜሪካና የጃፓን መካከለኛ አውቶሞቢል እንዴት አወዳድረን እንግዛ?

ባለፈው ኅዳር የእህቴ ባል መኪና ሊገዛ ቆርጦ ተነሳ። ደላላው ሁለት አመጣለት። አንዷ የ2015 ቶዮታ ካምሪ፣ ሌላዋ የ2016 ሼቭሮሌት ማሊቡ (የመኪኖቹን ዓመት ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ማሊቡዋ ግን ሙሉ ኦፕሽን፣ ውስጧ ቆዳ፣ ቀለሟ ገና ያላረጀ። "ልቤ እሷ ላይ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ካምሪ ግዛ ይለኛል። አንተ ምን ትላለህ?" አለኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። "ሁለቱንም ኮምቦልቻ አውርደን እናውጣቸው፤ ከዚያ እንነጋገር" አልኩት። ስለነዚህ መኪኖች የተጻፈው ንጽጽር አብዛኛው ለሜዳ አገር ነው። ጋራዡ በየመንገዱ ለሆነ፣ መለዋወጫው በማግስቱ በር ላይ ለሚደርስለት ሰው ነው። ወሎ ላይ ዳገቱም፣ አየሩም፣ ጋራዡም ሌላ ነው። እኛ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መንገዳችሁን ጻፉ

መኪና ከማየታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና በወር ውስጥ የት የት እንደምትሄዱ ጻፉ። እዚሁ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ሆጤ የሚመላለስ ሰው አንድ ነው። በየቀኑ ኮምቦልቻ ለሥራ የሚወርድ ሌላ ነው። በየወሩ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ጣርማበርን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባም ሌላ ነው።

ብዙ የምትሄዱት ኮረኮንች ላይ ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሙ። ካምሪም፣ ሆንዳ አኮርድም፣ ፎርድ ፊውዥንም፣ ማሊቡም ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ ነው። አራት ሰው ጭነው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ሥራቸው ይፋቃል። ለዚያ መንገድ ሌላ ዓይነት መኪና ፈልጉ።

2. "የጃፓን" ወይም "የአሜሪካ" ሲሏችሁ የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ

ብዙ ሰው ካምሪ ከጃፓን በመርከብ የመጣች ይመስለዋል። ሆንዳ አኮርድን አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ መገጣጠም የጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ካምሪም ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ውስጥ ትመረታለች። "አሜሪካዊቷ" ፎርድ ፊውዥን ደግሞ በአብዛኛው የተሠራችው ሜክሲኮ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ፊውዥን፣ ማለትም ከ2006 እስከ 2012 ያለው፣ የተሠራው በማዝዳ 6 መሠረት ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው 2.5 ሊትር ሞተሩም ከማዝዳ የመጣ ንድፍ ነው። ይህን ለመካኒካችሁ ንገሩት፤ ፊቱ ይፈታል።

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ፣ በ2 ካናዳ፣ በ3 ሜክሲኮ፣ በጄ ፊደል ከጀመረ ጃፓን የተሠራ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴል ዓመቱን ይነግራችኋል። ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኤች 2017 ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን፣ በመስታወቱ ሥር ያለውንና የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን አስተያዩ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ሂሳቡን ሳትጀምሩ ተመለሱ።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች መኪና የምትቆጥረው በማይል ነው። የማሊቡዋ ባለቤት "98 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው" አሉን። ዳሽቦርዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳየው ከቁጥሩ ጎን ያለችው ትንሿ ምልክት ማይል ትላለች። 98 ሺህ ማይል ወደ 158 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ሰውየው ሊያታልሉን አልነበረም፤ እሳቸውም አላስተዋሉትም። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ግን የዋዛ ልዩነት አይደለም።

3. የፈረስ ጉልበቱን ወደ ደሴ አየር ቀይሩት

ይህ እርምጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሻጭ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ወለል ደረጃ ላለ አየር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ደሴ ላይ ሩቡ የለም። የካምሪዋ 2.5 ሊትር ሞተር ወረቀት ላይ 178 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር ስትቆም 133 ገደማ ይቀራታል። ጣርማበር ዋሻ ጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትደርስ፣ ከዚያም ያንሳል።

ቱርቦ ያላት መኪና ስሱን አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። የማሊቡዋ 1.5 ሊትር ቱርቦ ወረቀት ላይ 160 ብቻ ነው። ወረቀቱን ያየ ሰው ካምሪ ትበልጣለች ይላል። ደሴ ላይ ግን ማሊቡዋ አብዛኛውን ጉልበቷን ይዛ ስለምትቀር ትቀድማታለች። በዚያ ላይ ጉልበቷን የምትሰጠው ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ነው። ዳገት ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ቀርታችሁ ለመቅደም ስትሞክሩ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ስለዚህ ሂሳቡን እንዲህ ሥሩ። ቱርቦ ከሌላት የተጻፈውን ጉልበት በ0.75 አባዙት። ቱርቦ ካላት እንዳለ ተዉት፤ ጥቂት ቢቀነስ ነው። የ2013ቱ አኮርድ 185 ወደ 139 ይወርዳል። የ2013ቱ ኒሳን አልቲማ 182 ወደ 137 ይወርዳል። የፊውዥን 2.5 ከ175 ወደ 131 ይወርዳል። አዲሱ የ2018 ካምሪ 203 ስለሆነ 152 ይቀረዋል። የ2018 አኮርድ 1.5 ቱርቦ ደግሞ 192 ነው፤ እሱ ብዙም አይወርድም። ከጃፓኖቹ ለዳገታችን በጉልበት የተሻለው እሱ ነው።

በጉልበት ብቻ ከሆነ እንግዲህ ቱርቦ ያላት አሜሪካዊት ደሴ ላይ ታሸንፋለች። ይህን ደስ ብሎኝ እመሰክራለሁ። ነገር ግን ቱርቦ ማለት ተጨማሪ ሙቀት፣ ተጨማሪ ቧንቧ፣ ዘይቱ በቀኑ የሚቀየር ሞተር ማለትም ነው። ወጪው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

4. አሥር ዕቃ ጽፋችሁ ስልክ ደውሉ

ወረቀቱን ገልብጡና አሥር ዕቃ ጻፉ። የፍሬን ፓድ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ የፊት አሞርዛተር፣ የፊት ኩሽኔታ፣ ስፖኪዮ፣ የፊት መብራት፣ ፓራውልት። ከዚያ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ መለዋወጫ ቤቶች ደውሉ። የሌለውን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ባለ ሰው አስጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር መዝግቡ፦ ዋጋውንና ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ቀኑን እንዳትረሱ። መኪናዋ ቆማ የምታስወጣችሁ የታክሲና የባጃጅ ገንዘብም ወጪ ነው።

እኛ ስንደውል ለካምሪዋ ከአሥሩ ስምንቱ እዚሁ ተገኙ። ለማሊቡዋ ሁለቱ ብቻ ተገኙ፤ እነሱም የዘይት ፊልትሮና ካንዴላ ናቸው። ሌላው "ይታዘዛል" ተባልን። ስንት ቀን ስንል ማንም ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም።

"ይታዘዛል" የሚለውን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት አካባቢያችን ማንም የማያውቃት መኪና ነበረችኝ፤ ስሟን ልተወው። የውሃ ፓምፗ ሄደ። አንድ ዕቃ ለመጠበቅ ስድስት ሳምንት ደጃፌ ላይ ቆመች። የሰፈር ልጆች በአቧራዋ ላይ በጣታቸው ኳስ ተጫዋች ይስሉ ነበር። ሲመጣ ደግሞ ልኩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንደገና ታዘዘ። ያን ጊዜ ነው ርካሽ የገዛሁት ነገር ውድ መሆኑ የገባኝ።

መካኒኩንም ጠይቁት። "ትችላለህ ወይ?" አትበሉት፤ ሁሉም እችላለሁ ነው የሚለው። "ባለፈው ዓመት ከዚህ ዓይነት ስንት ፈታህ?" በሉት። የኛ መካኒክ ስለ ካምሪዋ ስንጠይቀው ሳቀ። "አብሽር፣ እሷን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታታለሁ" አለን። ስለ ማሊቡዋ ስንጠይቀው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም አለ፤ ከዚያ "ኮምፒውተሯን የሚያነብልኝ ሰው ኮምቦልቻ አለ" አለን። ሐቀኛ ሰው ነው። ይህ መልስ ከብዙ ሺህ ብር ያድናችኋል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ፊውዥን መመረቷ በ2020 ቆሟል። ማሊቡም በ2024 መጨረሻ ቆማለች። ክራይስለር 200 ከሁለቱም ቀድማ ቀርታለች። ዕቃቸው በአንድ ቀን ከገበያ አይጠፋም፤ እያደር ግን ፍለጋው ይከብዳል። ለ2013 እና ከዚያ ወዲህ ላለች ፊውዥን ዕቃ ስትፈልጉ የአውሮፓዋን ፎርድ ሞንዴዮ ብላችሁም ጠይቁ፤ እህትማማች ናቸው፣ ብዙ ነገር ይጋራሉ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የምትገዙት ቀድሞ ከገባው ነው። ነገ ስትሸጡም ገዢው ያንኑ ስልክ ይደውላል። ካምሪ ዋጋዋን የምትይዘው ለዚህ ነው።

5. ስማቸው የታወቀ ሕመሞች

የትኛውም አገር መኪና ንጹሕ አይደለም። ቶዮታ ስለሆነች ብቻ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ስህተት ነው።

ከ2007 እስከ 2009 ያሉት ካምሪዎች 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል። ቶዮታ ራሱ ለዚህ የዋስትና ማራዘሚያ አውጥቶ ነበር። የዘይት ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ፤ በሳምንቱ እንደገና እዩ። ከ2012 እስከ 2017 ያለው 2.5 ሊትር ከዚህ የተሻለ ነው።

የኒሳን አልቲማ ከ2013 እስከ 2016 ካምቢዮዋ ሲቪቲ ነው፤ ማለትም በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ የዚህን ካምቢዮ ዋስትና ለማራዘም ተገዷል። የአገልግሎት ታሪኳ በወረቀት ካልቀረበልኝ በስተቀር ለደሴ ዳገት አልመርጣትም። አኮርድም ከ2013 ወዲህ አራት ሲሊንደሩ በአብዛኛው ሲቪቲ ነው፤ ስሙ ግን ከአልቲማ ይሻላል። ማሊቡ ከ2016 እስከ 2018 ባለ 1.5 ሞተሩ ስድስት ማርሽ ያለው መደበኛ አውቶማቲክ ነው። ከ2019 ጀምሮ ወደ ሲቪቲ ዞሯል።

ፊውዥን ላይ ተጠንቀቁ። የ2013 እና 2014 ባለ 1.6 ቱርቦዎች የራዲያተር ውሃቸው ሲያልቅ ሞተሩ ሞቆ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅና እሳት ሊነሳ ስለሚችል ፎርድ በ2017 ለጥገና ጠርቷቸዋል። ከ1.5 ቱርቦዎቹም ውስጥ ውሃው ወደ ሲሊንደር የሚሰርግባቸው አሉ። ፊውዥን ከወደዳችሁ ቱርቦ የሌለውን 2.5 ፈልጉ። ቀርፋፋ ናት፤ ግን ቀላል ናት፣ መካኒክም ትገባዋለች።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነች የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገቡ። ያልተሠራላት ጥሪ ካለ ይወጣል። በተለይ የታካታ ኤርባግ። ያ ኤርባግ በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲቆይ፣ ሲፈነዳ ብረት የሚረጭ ነው። የቀድሞ አኮርዶችም የቀድሞ ፊውዥኖችም ተጠርተውበታል።

6. ነዳጅ፦ የተወራውን ያህል አይለያዩም

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በአሜሪካ መንግሥት ልኬት የከተማና የአገር አቋራጩ ሲቀላቀል የ2015ቷ ካምሪ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ማሊቡ 1.5 ቱርቦ 13 ገደማ፣ አኮርድ ከ12 ተኩል ጥቂት ከፍ፣ ፊውዥን 2.5 ደግሞ 11። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው ብንል በካምሪና በማሊቡ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሊትር ገደማ ነው። "አሜሪካ መኪና ቤንዚን ይጠጣል" የሚለው ወሬ ከድሮዎቹ ትልልቅ ሞተሮች የቀረ ነው። የኛ ዳገት ደግሞ ከሁሉም ላይ ይቀንሳል።

7. በጠዋት፣ ሳትነሳ ድረሱ

ቀጠሮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አድርጉ። የደሴ ብርድ ሞተርን የሚፈትንበት ሰዓት ነው። እንደደረሳችሁ ሰላምታ እየሰጣችሁ መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አኑሩ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እኛ የካምሪዋ ኮፈን ላይ እጃችንን ስናኖር ሞቅ ብሎ አገኘነው። ሰውየው ቀድመው አስነስተው አሙቀዋታል። ሳንጣላ "ነገ እንመለስ" አልናቸው። በማግስቱ ስትነሳ ለሁለት ሰከንድ ያህል ኳ ኳ አለች፣ ከዚያ ዝም። ያቺን ድምፅ ይዘን ዋጋ አስቀነስን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ውሃ ልክ እዩና ፎቶ አንሱት። ትኩስ ከሆነ በፍጹም አትክፈቱ። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ነቅለውታል ማለት ሊሆን ይችላል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ጫፉ ላይ ደረቅ ጭቃ ካለ ጎርፍ ገብታለች። ጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው።

ከጉዞው በፊት ኮምፒውተሯን አስነብቡ፤ ከጉዞው በኋላም ድገሙ። በዋዜማው የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስጠፍተው ከሆነ ማሽኑ ብዙ ፍተሻ "አልተጠናቀቀም" ይላችኋል።

8. ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ውጡ

የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ከዚህ የተሻለ መፈተሻ አይገኝም። አራት ሰው ሆናችሁ ግቡ። ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነው።

ስትወርዱ ማርሹን ወደ ታች አውርዱና ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ታች ስትደርሱ የተቃጠለ ሽታ ካለ ፓዱን እዩ። ኮምቦልቻ ላይ ሞቅ ስለሚል ኤሲውን ክፈቱና መብራት ላይ እንደቆማችሁ ቅዝቃዜው ይቀጥል እንደሆነ ስሙ።

መውጫው ላይ ኤሲውን አትዝጉ። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ላይ ከተንቀሳቀሰ ፈተናው አልቋል። ካምሪዋ ኩርባውን ስትይዝ ማርሽ ወረደች፣ ጮኸች፣ ግን ወጣች። ማሊቡዋ ሳትጮህ ወጣች። የእህቴ ባል ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ አልረሳውም። ሲቪቲ ያላት መኪና ከሆነች ዙሩ ከፍ ብሎ እያለ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ቀበቶዋ እያዳለጣት ነው።

ስትመለሱ ቱርቦ ያላትን ወዲያው አታጥፏት፤ አንድ ደቂቃ ትቀመጥ። ከሥሯ ካርቶን አንጥፉ። በማግስቱ ጠዋት የራዲያተሩን ውሃ ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ማሊቡዋ የአንድ ጣት ያህል ጎድላ ነበር። ካርቶኑ ግን ደረቅ ነው። ውሃ ጎድሎ መሬት ላይ ካልታየ የሆነ ቦታ እየገባ ነው።

እሷን በዚህ ተውናት። ውሃዋ ባይጎድል ኖሮ ምን እመክረው ነበር? ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነና በየቀኑ መኪና ስለሚያስፈልገው ያኔም ካምሪዋን እለው ነበር። ሁለተኛ መኪና ላለው፣ አዲስ አበባ ለሚመላለስ፣ ዘይቱን በቀኑ ለሚቀይር ሰው ግን ጤነኛ ቱርቦ ማሊቡ ወይም የ2018 አኮርድ ጥሩ ምርጫ ነው።

9. ወረቀቱና የመጀመሪያው ሳምንት

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ትራንስፖርት ቢሮ እገዳ እንዳለባት አጣሩ። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ቦሎዋ የታደሰ መሆኑን እዩ። ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የቆጣሪውን ንባብ ከነመለኪያው፣ ማይል ወይም ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስጽፉ። ሁለተኛውን ቁልፍ ሳትቀበሉ ሙሉውን ብር አትስጡ።

ከገዛችሁ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይትና የፍሬን ዘይት ቀይሩ፤ ሻጩ "አሁን ነው የቀየርኩት" ቢልም። ከዚያ ታንኩን ሙሉ፣ ቆጣሪዋን ዜሮ አድርጉ፣ ኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ ተመላለሱና እዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በቀዳችሁት ሊትር አካፍሉት። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር የዘይት መቀየሪያ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት። የእህቴ ባል የጻፈው 10.4 ነው።